ከሩቅ አይተው የተሳለሙት

«እነዚህ ሁሉ አምነው ሞቱ፥ የተሰጣቸውንም የተስፋ ቃል አላገኙትም፥ ዳሩ ግን ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት፥ በምድሪቱም እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ታመኑ።» ዕብራውያን 11፥13

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ሐምሌ 17 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 24፣ የቤተ ክርስቲያናችን፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ መሪ ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግና አብረዋቸው የነበሩ አቅኚዎች፣ ቅዱሳን የምንላቸው ምእመናን፣ በ1847 በአሜሪካ ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ የገቡበት መታሰቢያ ነው። ዘንድሮም ስለ አቅኚዎቹ ተዘምሯል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ልጆችም ታሪካቸውን ተምረዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ እነርሱ ስንናገር ደጋግመን የምንለው «አመኑ፣ ስለዚህም ደረሱ» የሚል ሆኗል። ቃሉ ከመድረክ ሲነገር ያምራል፤ ከመድረክ ወርዶ ሐዘን ቤት ሲገባ ግን ምን እንደሚያደርግ ሰምቻለሁ። በቅርቡ ልጇን የቀበረች አንዲት እህታችን «እምነትሽ ቢጸና ኖሮ ጌታ ያተርፈው ነበር» ተብላለች። ይህን የነገራት ባዕድ አይደለም፤ በሰንበት ከእርሷ ጋር ቁርባን የሚካፈል፣ አቅኚዎቹን የሚያደንቅ፣ ለማጽናናት ብሎ ወደ ቤቷ የሄደ ወገን ነው። ስለዚህ ዛሬ አምነው ስላልደረሱ፣ ከደረሱም ተከፍለው ስለደረሱ አንድ ቤተሰብ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ጎብልና ባለቤቱ ሜሪ ፔንፎልድ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳርቻዋ በብራይተን ከተማ ይኖሩ ነበር። በስሟ የጠሯት ልጃቸው ሜሪ በጁን 2 ቀን 1843 ተወለደች። በ1855 ቤተሰቡ ወንጌልን ተቀበለ፤ ልጅቱም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተጠመቀች። ብዙም ሳይቆዩ፣ በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር፣ ቤታቸውን ትተው ወደ ጽዮን፣ ይኸውም ቅዱሳን ወደሚሰበሰቡበት ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ፣ ለመሄድ ተነሡ። እናቲቱ ለምን እንደምትሄድ ለልጇ የነገረቻት ቃል ተጽፎ ቀርቶልናል፤ ልጅቱን በቁልምጫ «ፖሊ» እያለች ትጠራት ነበርና፣ «ፖሊ፣ ልጆቼ በኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል እንዲያድጉ ገና ትንንሽ ሳሉ ወደ ጽዮን መሄድ እፈልጋለሁ፤ ይህች እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነች አውቃለሁና» አለቻት። ይህን ቃል ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። በዚህ ውስጥ ለራሷ የጠየቀችው ነገር የለም፤ ልመናዋ በሙሉ ስለ ልጆቿ ነበር።

ሆራይዘን የተባለችው መርከብ 856 ቅዱሳንን ይዛ በሜይ 25 ቀን 1856 ከሊቨርፑል ተነሣች። ጊዜው ቀድሞውኑ ዘግይቶ ነበር። ባሕሩን ተሻግረው በባቡር አዮዋ ሲቲ ከደረሱ በኋላም በሰፈሩ ብዙ ጊዜ አለፈ። የሜሪ ታናሽ እህት ትንሿ ፋኒ በመርከቡ ላይ ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር፤ በአዮዋ ሰፈርም አንድ ቀን ነጎድጓዳማ ዝናብ መጥቶ በእጅ ጋሪና በብርድ ልብስ የሠሩትን መጠለያ ገለበጠው። ቤተሰቡ በዝናብ ውስጥ ተቀምጦ አደረ፤ ሕፃኗም ረጠበች፣ በጁላይ 19 ቀንም ሞተች። ሁለት ዓመት ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷት ነበር። ጉዞውን በጀመሩበት ዕለት መቃብሯ ዘንድ ሄደው እንደተሰናበቷት ልጅቱ ሜሪ በእርጅናዋ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ትናገራለች።

ጎብሎች የተመደቡት በጆን ሀንት መሪነት በበሬ በሚጎተቱ ሠረገሎች ከሚጓዘው ቡድን ጋር ነበር፤ ይህ ቡድን በዊሊና በማርቲን ከሚመሩት፣ ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ በእግር ከሚጓዙት ሁለት ቡድኖች ኋላ የሚሄድ ነበር። ከሚዙሪ ወንዝ አካባቢ ተነሥተው ገና 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚቀረውን ሜዳ ሲጀምሩ ሴፕቴምበር ገብቶ ነበር። ጠዋትና ማታ መለከት ሲነፋ ለጸሎት ይሰበሰባሉ፣ እሑድ እሑድ ጉባኤ አድርገው ያርፋሉ። አንድ ማታ ከጸሎቱ በኋላ ሁላችንም በምናውቀው የአቅኚዎች መዝሙር ሲዘምሩ እናቷ ስታለቅስ አየቻት፤ የ13 ዓመቷ ሜሪ ለምን እንደምታለቅስ አልገባትም። በዚያው ሌሊት እናቲቱ ምጥ ያዛት፤ በማግሥቱ ኤዲት ተወለደች። «ድካምን አትፍሩ» እያሉ በሚዘምሩ ሰዎች መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እንባዋን ስታፈስ፣ ያ እንባ ከዝማሬው ያነሰ እምነት ነበረውን? እኔ አይመስለኝም። እንዲያውም በዚያ ሌሊት ወደ እግዚአብሔር ከወጡት ጸሎቶች ሁሉ ጌታ ያንን እንባ ያስቀደመ ይመስለኛል።

በኦክቶበር 19 ትልቁ የበረዶ ማዕበል ወረደባቸው። ዱቄቱ ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ግራም በታች ሆነ፤ እንጀራ የሚሆን አልነበረምና በቀጭኑ አጥሚት አድርገው ይጠጡት ነበር። አባት ዊልያም ጥሩ አዳኝ ስለነበር አልፎ አልፎ የሚበላ ሥጋ ያመጣል፤ የድንኳን ካስማ በረዶውን አልፎ መሬት አልገባ ሲልም በረዶውን ጠርጎ፣ ዙሪያውን በረዶ ቆልሎ ድንኳኑን ያስይዛል። አንድ ቀን በሠረገላ ውስጥ ታማ የተኛች እናቷ ንጹሕ ውሃ ለመነች፤ ሜሪና አንዲት ሴት ወደ ምንጩ ሄዱ። በመንገድ ላይ በረዶ ላይ የወደቀ ሽማግሌ አገኙ፤ ሴቲቱ ሰው ልትጠራ ወደ ሰፈሩ ተመለሰች። ልጅቱ ለብቻዋ ወደ ውሃው ስትሄድ መንገዱ ጠፋባት፤ እስከ ጉልበቷ በሚደርስ በረዶ ውስጥ ስትዋልል ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ፈልገው አገኟት። እግሮቿ በብርድ ደንዝዘው ነበር፤ ከጣቶቿ በስተቀር ሌላው ተመልሶ ሕይወት አገኘ።

እነሆ፣ ይህች ልጅ የእግሯን ጣቶች ያጣችው ለታመመች እናቷ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነው። «መልካም የሚያደርግ ክፉ አያገኘውም» የሚለው አባባላችን ለዚህ ምን መልስ ይኖረዋል?

ኤዲት ስድስት ሳምንት ኖራ፣ የምትመገበው አጥታ ሞተች፤ በስዊትዋተር ወንዝ የመጨረሻው መሻገሪያም ተቀበረች። ወንድማቸው ጄምስ ደግሞ አንድ ማታ እራቱን ደህና አድርጎ በልቶ፣ ምንም ሕመም ሳይታይበት ተኛ፤ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። እናቲቱም ከወሊዱ በኋላ ጤናዋ አልተመለሰላትም፤ በሠረገላው ተኝታ ቀስ በቀስ እየደከመች ሄደች።

አሁን ወደ ዕብራውያን 11 እንመለስ። ይህን ምዕራፍ ሁላችንም እንወደዋለን፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናነበው እስከ 34ኛው ቁጥር አጋማሽ ድረስ ነው። የአንበሶችን አፍ ዘጉ፣ የእሳትን ኃይል አጠፉ፣ ከሰይፍ ስለት አመለጡ፤ ይህን ስናነብ ድምፃችን ከፍ ይላል። ሐዋርያው ግን በዚያ አላቆመም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ እየቀጠለ፣ ሌሎች መዳንን ሳይቀበሉ እስከ ሞት ተደበደቡ፣ በድንጋይ ተወገሩ፣ በመጋዝ ተሰነጠቁ፣ በሰይፍ ተገደሉ ይላል። በሦስት ቁጥሮች ርቀት ውስጥ በእምነት ከሰይፍ ያመለጡና በእምነት በሰይፍ የተገደሉ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ከኋለኞቹ የበለጠ እምነት ነበራቸው የሚል አንድ ቃል እንኳ አታገኙም። በ39ኛው ቁጥር ሁሉንም በአንድነት ሰብስቦ፣ ሁሉም በእምነታቸው ተመስክሮላቸው የተሰጠውን የተስፋ ቃል አላገኙም ብሎ ይደመድማል። ምስክርነቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። እኛ ማን ሆነን ነው የምንሽረው?

በ13ኛው ቁጥር ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። አብርሃምም ሣራም አገሩን ያዩት ከሩቅ ነው። እጃቸው አልደረሰበትም፤ ዐይናቸው ግን ደርሶበታል። ከሩቅ ሆኖ መሳለም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ መንገደኛ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከኮረብታው ማዶ ሲታየው ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። ወደ ቅጥሩ ስላልገባ አልተሳለመም የሚለው የለም። ያቺ የብራይተን ሴት በዲሴምበር 11 ቀን 1856፣ ቢግ ማውንቴንና ሊትል ማውንቴን በሚባሉት ተራሮች መካከል በሠረገላው ውስጥ ነፍሷ ስትወጣ ሶልት ሌክ ሲቲ ለመድረስ የቀራት ከአንድ ቀን ያነሰ መንገድ ነበር። ዕድሜዋ 43 ዓመት ነበር። በዚያው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሠረገላው ከተማዋ ገባ። በሕይወት ከተረፉት አራት ልጆች ሦስቱ፣ ሜሪ፣ ኤድዊንና ካሮላይን፣ እግራቸው በብርድ ተጎድቷል፤ እናታቸው ሬሳ ሆና አብራቸው ገባች።

እነዚያን ሰዎች የጎዳቸው የእምነት ጉድለት ሳይሆን የጊዜው መዘግየት፣ የዱቄቱ ማነስና ቀድሞ የመጣው በረዶ ነበር። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ልጅቱ ራሷ እናቷና ሕፃኗ እንዲህ በዘገየ የዓመቱ ወቅት ወደ ጽዮን ሲሰበሰቡ ሕይወታቸውን እንዳጡ በግልጽ ጽፋለች። ፕሬዚዳንት ያንግም ተጓዦቹ ያን ያህል ዘግይተው መላካቸውን በአደባባይ ነቅፈዋል። ከዊሊ ቡድን ጋር የነበረው ሌዋይ ሳቬጅ ደግሞ ገና በኦገስት፣ በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባለው በፍሎረንስ ሰፈር ሳሉ፣ አረጋውያንና ሕፃናት ይሞታሉና እዚሁ እንክረም ብሎ እያለቀሰ ለምኖ ነበር። አልሰሙትም። እርሱ ግን የተናገረው እውነት መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ሆኖም እንሄዳለን ካሉ አብሯቸው እንደሚሄድ፣ እንደሚረዳቸው፣ ካስፈለገም አብሯቸው እንደሚሞት ነገራቸው፤ እንዳለውም አደረገ። በእኛ ጉባኤ እንዲህ ያለ ሰው ቢነሣ «ጥርጣሬ ይዞታል» ሳንለው የምናሳልፈው አይመስለኝም። በዚያ ዓመት በሜዳው ላይ ከነበሩት ሁሉ እንደ እርሱ በፍቅር የጸና ስንት እንደ ነበረ ጌታ ያውቃል።

በኦክቶበር 4 ተጓዦቹ ገና ከኋላ መሆናቸው በሶልት ሌክ ሲቲ ተሰማ። በማግሥቱ እሑድ አጠቃላይ ጉባኤው ሲሰበሰብ ፕሬዚዳንት ያንግ ሌላ ስብከት አልፈለጉም። በሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች ሄዳችሁ አምጧቸው፤ በቅሎ፣ ፈረስ፣ ዱቄትና ነጂ እፈልጋለሁ፤ ይህን ካላደረጋችሁ እምነታችሁና ሃይማኖታችሁ አንዳችሁንም አያድንም አሉ። ሴቶች እዚያው በተሰበሰቡበት ካልሲያቸውንና የውስጥ ቀሚሳቸውን አውልቀው በሠረገሎቹ ላይ ከመሩ። በኦክቶበር 7 የመጀመሪያዎቹ 16 ሠረገሎች ወጡ። ከረዳቶቹ አንዱ ኤፍሬም ሀንክስ አንድ ማታ ጎብሎች ከነበሩበት ሰፈር ደርሶ፣ ጠዋት የሚበቃ ዱቄት እንደሚመጣ ነገራቸው። ጢሙ ረጅም ነበር፤ ሰውነቱ ሁሉ በውርጭ ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ሌሊት ግማሹ ዘፈነ፣ ግማሹ ጨፈረ፣ ግማሹም አለቀሰ። ሜሪ የሰውየውን መልክ እስከ እርጅናዋ አልረሳችውም።

በኖቬምበር 30 ደግሞ፣ የማርቲን ቡድን ወደ ከተማዋ በሚገባበት እሑድ፣ ፕሬዚዳንት ያንግ ለምእመናኑ የሰጡትን መመሪያ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የከሰዓቱ ጉባኤ እንዲቀር አደረጉ። የሚመጡትን ሰዎች ለብቻቸው ቤት እንዳታስገቧቸው፤ ጥሩ ቤት ባላቸው ቤተሰቦች መካከል ይከፋፈሉና አስታሟቸው አሉ። ቀጥለውም እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን፣ እዚህ ተቀምጣችሁ ከሰዓቱን ሙሉ ከምትጸልዩልኝ የተጠበሰ ድንችና ጨው ይሻለኝ ነበር፤ ጸሎት መልካም ነው፣ ነገር ግን ድንችና ወተት በሚያስፈልግበት ሰዓት ጸሎት ቦታቸውን አይተካም ብለው ተናገሩ። ይህን ያሉት ጸሎትን የናቁ ሰው አይደሉም፤ የጌታ ነቢይ ናቸው። ሰዎቹ ደግሞ በራቸው ላይ ነበሩ።

ጎብሎች ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሲገቡ የተደረገላቸውም ይኸው ነው። ኤጲስ ቆጶስ ሃርዲ በአጥቢያቸው ባለ አንድ ቤት አስገቧቸው፤ ወንድሞችና እህቶች ምግብ አመጡላቸው፤ ከረሃቡ ብዛት አንዴ ጠግበው ቢበሉ ሊሞቱ ይችሉ ስለነበር በጥንቃቄ አበሏቸው። በማግሥቱ ማለዳ ፕሬዚዳንት ያንግ ከሐኪም ጋር መጡ። ሁሉንም በእጅ ጨበጡ፤ የልጆቹን እግርና የሞተችውን እናት ባዩ ጊዜም እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ልብ በሉ፤ ነቢዩ ወደዚያ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሰጡት እንባቸውን ነው። «እናታችሁ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሐኪሙ የሜሪን እግሮች ከቁርጭምጭሚት ሊቆርጥ ፈለገ፤ እርሳቸው ግን ጣቶቿን ብቻ ቁረጥ፣ ከዚያ በላይ እንደማይቆረጥ ቃል እገባልሻለሁ አሏት። ሐኪሙም በመጋዝና በሥጋ ቢላ ጣቶቿን ቆረጠ። በዚያው ሰዓት እህቶች የእናቷን አስከሬን እየገነዙ ነበር። «ኦ፣ እንዴት ቻልነው?» ብላ ትጠይቃለች ሜሪ። ለጥያቄዋ መልስ አልጻፈችም። እኛም ፈጥነን መልስ ልንጽፍላት አይገባም።

እናንተ የተወደዳችሁ፣ እኛ ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይገባል፣ ዘመድ መሬት ላይ አንጥፎ ከሐዘንተኛ ጋር ያድራል። ይህን ከእናቶቻችን የወረስነውን መልካም ነገር በጥምቀት ውሃ ውስጥ ጥለነው አልወጣንም፤ በመጽሐፈ ሞርሞን የምናነበው አልማም በሞርሞን ውሃ ዘንድ ሊጠመቁ የመጡትን የጠየቃቸው ከሚያዝኑ ጋር ለማዘን፣ መጽናናት የሚያስፈልጋቸውንም ለማጽናናት ፈቃደኞች እንደ ሆኑ ነበር (ሞዛያ 18፥8-9)። ታዲያ ምን ደረሰብን? ያላመኑት ጎረቤቶቻችን ዝም ብለው ከሐዘንተኛዋ ጎን ሲቀመጡ፣ ቃል ኪዳን የገባነው እኛ የእምነቷን ልክ ለመመዘን ሚዛን ይዘን የምንገባው ስለ ምንድን ነው? ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህም በኃይል እናገራለሁ፤ ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ አልበደሉም፤ በደላቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ጌታ ራሱ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች በተባለው ቅዱስ መጽሐፋችን 42ኛው ክፍል ሁለት ነገር አስተምሮናል። በ45ኛው ቁጥር አብረን በፍቅር እንድንኖርና ለሞቱብን እንድናለቅስ አዘዘ፤ እንግዲህ ማልቀስ ትእዛዝ እንጂ ድክመት አይደለም። በ48ኛው ቁጥር ደግሞ በእርሱ ለመፈወስ እምነት ያለው፣ ለሞትም ያልተቀጠረ፣ ይፈወሳል አለ። «ለሞትም ያልተቀጠረ» የሚለውን የምናነብ ስንቶቻችን ነን? ሕመምተኛው እምነት ሊኖረው ይችላል፣ እጅ የጫኑበትም ሽማግሌዎች እምነት ሊኖራቸው ይችላል፣ እናቱም ሌሊቱን ሙሉ ተንበርክካ ልታድር ትችላለች፤ ቀጠሮው ግን በእነርሱ እጅ አይደለም። ልጅሽን የቀበርሽ እህቴ ሆይ፣ ሞቱ በአንቺ ላይ የተጻፈ ክስ አይደለም። ክስ አድርጎ ያነበበልሽ ሰው ካለ ያነበበው ከመጽሐፋችን አይደለም።

የሜሪ ታሪክ ግን ገና አላለቀም፤ የምወደው ክፍልም ይህ ቀጣዩ ነው። ጣቶቿ ከተቆረጡ በኋላ እግሮቿ እየዳኑ ሳይሆን እየባሱ ሄዱ፤ ሐኪም አሁንም መቆረጥ አለባቸው ይል ጀመር። አንድ ቀን ከሕመሙ የተነሣ ተቀምጣ ስታለቅስ አንዲት አጭር አሮጊት በር አንኳኳች። ለተወሰኑ ቀናት በዚህ ቤት የሚፈልገኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር አለቻት። ሜሪ እግሮቿን አሳየቻትና ፕሬዚዳንት ያንግ የገቡላትን ቃል ነገረቻት። አሮጊቷም አዎን፣ በጌታ እርዳታ ገና እናድናቸዋለን አለች፤ የሚለጠፍ መድኃኒት ቀምማ አደረገችላት፤ ከዚያም በየቀኑ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ እየመጣች ትለውጥላት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ቁስሉ ዳነ። ነቢዩ ቃል ገቡ፤ ቃሉ የተፈጸመው ግን በአንዲት አሮጊት በየቀኑ መመላለስ ነው። አንዳንዶቻችን ተአምር በአንድ ሌሊት ካልመጣ ተአምር አይመስለንም።

በዚህም አላበቃም። ለብዙ ጊዜ ስለተቀመጠች የእግሯ ጅማቶች ደርቀው ጉልበቷ አልዘረጋ አለ። አባቷ ይህን ባየ ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ። በዘይት አሸላት፣ ሁሉን ሞከረ፣ አልሆነም። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን በአምስት ወር ውስጥ ያጣው ይህ ሰው አንድ ዘዴ አሰበ፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ቸነከረና ሥራ ስሄድ እርሱን ለመድረስ ሞክሪ አላት። ብዙ ቀን ሙሉ ቀን እየሞከረች በመጨረሻ ደረሰችበት፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። እርሱም መደርደሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጎ እንደገና ቸነከረው። እንዲህ እንዲህ እያለ በሦስት ወር ገደማ እግሮቿ ቀጥ አሉ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን መራመድን ከመጀመሪያው ተማረች። ያ አባት መደርደሪያውን መጀመሪያውኑ ከፍ አድርጎ ቢሰቅለው ኖሮ ልጁ ተስፋ ቆርጣ ትቀር ነበር። ሐዘንተኛ ከሆነች እህት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የኢዮብን ትዕግሥት የምንጠብቅ ሰዎች መዶሻችንን ይዘን ከጣሪያው ሥር እየቸነከርን ነው። የምትደርስበትን ያህል ብቻ ስቀሉላት፤ ዛሬ መጸለይ ካልቻለች እናንተ ጸልዩ፤ ወደ ጉባኤ መምጣት ካልቻለች ቁርባኑ ወደ ቤቷ ይምጣላት፤ የሴቶች መረዳጃ ማኅበርም ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ ባሉት ባዶ ሳምንታት ይብዛላት እንጂ አይጉደልባት።

ዊልያም ጎብል በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ከመጽሐፈ ሞርሞን ስሟን ወደወሰደችው ኔፊ ወደተባለች የዩታ ከተማ ሄደ። ሜሪ በ1859 ሪቻርድ ፔይን አገባች፤ እርሱም በዚያው ጉዞ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን የቀበረ ሰው ነበር። 13 ልጆች ወለዱ። በ1893 ባሏ ሞተባት፤ እርሷም እስከ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1913 ድረስ ጣቶች በሌሉት እግሮቿ ተመላለሰች። የቤተ ክርስቲያኒቱ 15ኛ ፕሬዚዳንት የነበሩት የጎርደን ቢ. ሂንክሊ ባለቤት እህት ማርጆሪ ፔይ ሂንክሊ የዚህች ሴት ዘር ናቸው። ሜሪ በሸመገለችበት ዘመን የእናቷን መቃብር ፈልጋ አገኘች። እናቷ እንግሊዝ አገር ሳሉ የነገረቻትን ቃል አስታውሳም እናቴ የተመኘችውን ያገኘች ይመስለኛል ብላ ጻፈች። ይህን የመናገር መብት የነበራት እርሷ ነበረች፤ ለመናገርም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። በዲሴምበር 12 ቀን 1856፣ ጣቶቿ በመጋዝ በተቆረጡበት ዕለት፣ ከጎረቤት አንዱ መጥቶ «እናትሽ የተመኘችውን አግኝታለች» ቢላት ኖሮ ያው ቃል ሌላ ቁስል በሆነባት ነበር። እንዲህ ያለው ቃል በሐዘንተኛው ልብ ውስጥ በጊዜው ይበስላል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያቀርብለት አይችልም።

ለሚቀጥለው ዓመት መታሰቢያ ልጆችን የምታስተምሩ እህቶችና ወንድሞች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስለ ጎብል ቤተሰብ ብትናገሩ ፋኒን፣ ኤዲትንና ጄምስን በስማቸው ጥሯቸው፤ እናቲቱም በመንገድ እንደቀረች አትደብቁ። ልጆች ከእኛ ይልቅ እውነትን ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱ «እግዚአብሔርን ካመነች ለምን ሞተች?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትቆጡት፤ ዕብራውያን 11ን አውጡና በ34ኛው ቁጥር ሳታቆሙ እስከ 40ኛው ድረስ አንብቡለት።